ትዊተሩን ማን አቃጠለው?

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ በሐዋሳ ከተማ በአንድ ሰፈር አጥር ሥር ሲያልፍ፣ የባልደረባችን እናት ሁለት ከባድ የእንጨት ሣጥኖች ከዕቃ ቤት አስወጥተው በር ላይ አስቀመጡ። ሣጥኖቹ ሟቹ ባለቤታቸው በ1970ዎቹ ከቴፕና ከሸክላ ማጫወቻ ጋር የገዟቸው ስፒከሮች ነበሩ። ቆራሌው አንዱን ብድግ አድርጎ ክብደቱን በእጁ መዘነ፤ በውስጡ ያለው ማግኔት ስንት ኪሎ እንደሚወጣው ገመተ፤ ዋጋ ጠራ። ባልደረባችን የደረሰው ድርድሩ ሳያልቅ ነበር።

«እማዬ፣ እነዚህን ለእኔ ተዪልኝ።»

«ምን ይሠሩልሃል ልጄ? ዜና ሲነበብባቸው ሰውየው አፉን በጋቢ ሸፍኖ የሚያወራ ይመስላል። ሞተዋል እኮ፤ ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ፋይዳ አላቸው?»

ሣጥኖቹ ከቆራሌው ጆንያ ተርፈው ወደ ቤተ ሙከራችን መጡ። የጀርባ ክዳናቸውን ስንከፍት ያገኘነው ነገር ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ አነሣሣን። ከሁለቱ ባንደኛው ውስጥ፣ በታላቁና በትንሹ ድምፅ አውጪ መካከል ሊኖር የሚገባው የኤሌክትሪክ መረብ ተቆርጦ ወጥቷል። ከአምፕሊፋየር የሚመጣው ሽቦ በቀጥታ ከሁለቱም ጋር ተበይዷል። ትንሹ ድምፅ አውጪ፣ ማለትም ትዊተሩ፣ ተቃጥሏል። ከዓመታት በፊት ስፒከሩን የጠገነ አንድ ባለሙያ «ይህ የማያስፈልግ ነገር ነው» ብሎ አውጥቶት እንደነበር እናትዮዋ በኋላ ነገሩን። በሌላኛው ሣጥን ውስጥ ግን መረቡ እንደ ጥንቱ በቦታው ነበር። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ መንታ እኅቱ በሕይወት ስላለች የጠፋውን መልክ ከእርሷ ላይ መቅዳት ይቻላል።

ይህ መረብ በእንግሊዝኛ ስሙ ክሮስኦቨር ይባላል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «መለያ መረብ» እንለዋለን። የራሱ የኃይል ምንጭ የሌለው፣ ትራንዚስተር የማያውቅ፣ ከጥቅል ሽቦ፣ ከካፓሲተርና ከሬዚስተር ብቻ የሚሠራ በመሆኑ ብዙዎች ይንቁታል። እኛ ደግሞ አንድ የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስለ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የተማረውን ሁሉ አንድ በአንድ የሚፈትን፣ በዚያውም ላይ ከመጣል የሚያድነው ንብረት ያለው፣ ከዚህ የተሻለ የልምምድ ሥራ አላገኘንም እንላለን።

ለምን ሁለት አስፈለገ?

እንደሚታወቀው የጤነኛ ወጣት ጆሮ ከ20 ሄርዝ እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል። በአየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የመጀመሪያው ሞገድ ርዝመት 17 ሜትር፣ የመጨረሻው ደግሞ 1.7 ሴንቲሜትር ይሆናል። አንዱ ከመማሪያ ክፍል ይረዝማል፤ ሌላው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በገናንና ጸናጽልን በአንድ ወረቀት ጉንጉን ማሰማት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከዚህ ይገመታል።

ችግሩ የሞገድ ርዝመት ብቻ አይደለም። አንድ ድምፅ አውጪ በተመሳሳይ ከፍታ እንዲሰማ፣ ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያደርገው ጉዞ አራት እጥፍ ማደግ አለበት። በ3,000 ሄርዝ የሚበቃው ጉዞ በ50 ሄርዝ 3,600 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ ከጥፍር የሚሳሳ ሐርና እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ያለውን ትዊተር ከበሮ እንዲያሰማ ማዘዝ፣ ግልገልን በሬ ቦታ ጠምዶ እንደማረስ ነው። ታላቁ ውፈር በበኩሉ ወደ ላይኛው ድግግሞሽ ሲወጣ ክብደቱ ያዘገየዋል፤ ስፋቱ ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲቀራረብ ደግሞ ድምፁን እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ ፊት ብቻ ይወረውራል። ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር ለሆነ ውፈር ይህ የሚጀምረው ከ1,700 ሄርዝ አካባቢ ነው። ከፊቱ የተቀመጠ ሰው ይሰማዋል፤ ከጎኑ የተቀመጠው ግን ቃሉን ይስታል።

ቃሉን ይስታል ስንል ማጋነናችን አይደለም። በአማርኛ «መታ» እና «መጣ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል፣ ያም ፊደል በሚፈነዳበት ቅጽበት ነው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ የሚሰሙት በጉሮሮ ታፍኖ በድንገት በሚለቀቅ አየር ሲሆን፣ የዚያ ፍንዳታ ጉልህ ክፍል የሚገኘው በላይኛው ድግግሞሽ ነው። «ሰራ» እና «ሸራ» የሚለዩትም እንዲሁ ነው፤ የሰ ጉልበት በብዛት ከ4,000 ሄርዝ በላይ ሲሆን የሸ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። አናባቢዎቹን ውፈሩ ያመጣቸዋል፤ ተነባቢዎቹን ግን በአብዛኛው ትዊተሩ ይሸከማል። ስለዚህ ትዊተሩ ሲሞት ሙዚቃው «ለስላሳ» የሆነ ይመስላል፤ ንግግሩ ግን ጋቢ ይለብሳል። የባልደረባችን እናት ምርመራ ከእኛ መሣሪያ የቀደመና ትክክለኛ ነበር።

መረቡ ምን ይሠራል?

ካፓሲተር ለዝቅተኛ ድግግሞሽ ግድግዳ፣ ለከፍተኛው በር ነው። ጥቅል ሽቦ ተቃራኒውን ያደርጋል። ባለ 6.6 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ለ3,000 ሄርዝ የሚያሳየው ተቃውሞ 8 ኦም ነው፤ ለ300 ሄርዝ 80 ኦም፣ ለ50 ሄርዝ 480 ኦም ገደማ። እንግዲህ ባለ 8 ኦም ትዊተር ፊት ሲቆም የከበሮው ጉልበት በሙሉ ማለት ይቻላል በካፓሲተሩ ላይ ይቀራል። በውፈሩ በኩል ደግሞ 0.42 ሚሊሄንሪ ጥቅል ሽቦ በ3,000 ሄርዝ ያንኑ 8 ኦም ያሳያል፤ ከዚያ በላይ እየበረታ ይሄዳል። ሁለቱ በ3,000 ሄርዝ ላይ ተገናኝተው ሥራውን ይረካከባሉ።

ይህ ቀላሉ ዓይነት ነው፤ አንድ ካፓሲተር፣ አንድ ጥቅል ሽቦ። በየጥገና ቤቱ የሚታወቀውም ይኸው፣ ብዙ ጊዜም ግማሹ ብቻ ነው፤ ለትዊተሩ አንድ ካፓሲተር ይደረግና ውፈሩ እንዳለ ይለቀቃል። ይህ ምንም ካለማድረግ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ተማሪ እንዲያስተውለው የምንሻ አንድ ወጥመድ አለበት።

ትዊተር 8 ኦም ይባል እንጂ 8 ኦም አይደለም። ማንኛውም የሚንቀጠቀጥ አካል የራሱ የተፈጥሮ ንዝረት አለው፤ ለብዙ አሮጌ ትዊተሮች ይህ 1,000 ሄርዝ አካባቢ ይውላል። በዚያ ነጥብ ላይ ኢምፒዳንሱ ይዘልላል፤ እኛ በሕይወት ባለው ትዊተር ላይ 25 ኦም አግኝተናል። አሁን ስሌቱን እንሥራ። በ1,000 ሄርዝ የካፓሲተሩ ተቃውሞ 24 ኦም ነው። ትዊተሩ እውነተኛ 8 ኦም ሬዚስተር ቢሆን ኖሮ ከቮልቴጁ 32 በመቶው ብቻ ይደርሰው ነበር። 25 ኦም በመሆኑ ግን 72 በመቶው ይደርሰዋል። ትዊተሩ በገዛ ፈቃዱ ሊወዛወዝ በሚፈልግበት፣ ጥበቃ ይበልጥ በሚሻበት በዚያው ነጥብ ላይ ጠባቂው አንቀላፍቷል። መጽሐፉ ላይ ያለው ቀመር አልዋሸም፤ ጭነቱ ሬዚስተር ነው ብሎ ነበር፤ እኛ ነን ያልሰማነው።

የውፈሩም ጉዳይ ከዚህ አይሻልም። በሣጥኖቹ ውስጥ ያለው ውፈር የቀጥታ ኤሌክትሪክ ተቃውሞው 6 ኦም፣ የራሱ ጥቅል ሽቦ ደግሞ 0.6 ሚሊሄንሪ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ኢምፒዳንሱ አብሮን ይወጣል። በ12,000 ሄርዝ የ0.42 ሚሊሄንሪ ጥቅል ሽቦ ቮልቴጁን ወደ 24 በመቶ እንዲያወርደው ጠብቀን ስናሰላ 59 በመቶ ሆነብን። መድኃኒቱ ቆንጆ ነው፤ ከውፈሩ ጎን አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ተያይዘው ይቀመጣሉ። የሬዚስተሩ መጠን የውፈሩን ተቃውሞ ያህል፣ ማለትም 6 ኦም፣ የካፓሲተሩ መጠን ደግሞ 0.6 ሚሊሄንሪን ለ36 በማካፈል የሚገኘው 16.7 ማይክሮፋራድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ውፈሩና ይህ ጥንድ አንድ ላይ ለአምፕሊፋየሩ እንደ ንጹሕ 6 ኦም ይታያሉ። ለምን እንዲህ እንደሚሆን በወረቀት ላይ ማረጋገጥ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ለአንባቢያን ትተነዋል።

ከመንታዋ የተቀዳው

በተረፈው ሣጥን ውስጥ ያገኘነው መረብ ከቀላሉ ዓይነት አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ነበር። ለትዊተሩ አንድ ካፓሲተር በተርታ፣ አንድ ጥቅል ሽቦ በጎን፤ ለውፈሩ የዚህ ግልባጭ። ካፓሲተሮቹ 4.7 ማይክሮፋራድ ተብሎ ተጽፎባቸዋል፤ ጥቅል ሽቦዎቹ ሲለኩ 0.6 ሚሊሄንሪ ሆኑ። ቁጥሮቹን ወደ ቀመሩ መልሰን ስናስገባ 3,000 ሄርዝና 8 ኦም ወጣ። ከአርባ ዓመት በፊት በሌላ አህጉር የተቀመጠ አንድ መሐንዲስ ያሰበውን ከአራት ዕቃዎች ላይ ማንበብ መቻላችን፣ በቃል ለመግለጽ የሚያስቸግር ደስታ ሰጥቶናል። ይህ ዓይነት መረብ ድግግሞሹ በእጥፍ በተለወጠ ቁጥር 12 ዴሲቤል ይቆርጣል፤ ቀላሉ ዓይነት የሚቆርጠው 6 ብቻ ነው። ትዊተሩ በተፈጥሮ ንዝረቱ አካባቢ ይበልጥ የሚጠበቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ካፓሲተሮቹ ግን አርጅተዋል። 4.7 የተባለው ሲለካ 3.1 ማይክሮፋራድ ሆነ፤ የውስጥ ተቃውሞውም ከ5 ኦም አልፏል። እነዚህ ዋልታ የሌላቸው ኤሌክትሮላይቲክ የሚባሉት ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ከጊዜ ብዛት ይደርቃል። ሁለተኛው ሣጥን ትዊተሩ በሕይወት እያለ ድምፁ የታፈነው ለዚህ ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሕመምተኞች፣ አንድ ምልክት፣ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች።

ምትክ ካፓሲተር ሲገዛ ፕላስቲክ ፊልም ያለው ዓይነት ከተገኘ መልካም ነው፤ አይደርቅም። ካልተገኘ፣ ሁለት ባለ 10 ማይክሮፋራድ ተራ ኤሌክትሮላይቲኮች አሉታዊ እግሮቻቸው ተገናኝተው ዋልታ እንደሌለው አንድ ባለ 5 ማይክሮፋራድ ሆነው ለጊዜው ያገለግላሉ። ፊልሙ የውስጥ ተቃውሞው እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ትዊተሩ ከጥንቱ ትንሽ ሊጮኽ ይችላል፤ ያኔ የግማሽ ኦም ሬዚስተር በተርታ መጨመር ነገሩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በወርቅና በብር የተለበጠ ካፓሲተር ካልተገዛ ድምፅ የለም የሚሉ ሰዎች በየሀገሩ አሉ። እኛ ገንዘባችሁን ለመለኪያ መሣሪያ አውሉት እንላለን።

ጥቅል ሽቦውን በተመለከተ ሐዋሳ ያላትን ሀብት ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው። በገበያ አካባቢ የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች አሉ፤ በቫርኒሽ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ በየውፍረቱ ከእነርሱ ዘንድ ይገኛል። የ1 ሚሊሜትር ሽቦ፣ ዲያሜትሩ 2.5፣ ርዝመቱም 2.5 ሴንቲሜትር በሆነ እንጨት ላይ 170 ዙር ገደማ ሲጠመጠም 0.6 ሚሊሄንሪ ይሰጣል። ወደ 17 ሜትር ሽቦ ይፈጃል፤ ተቃውሞው 0.4 ኦም አካባቢ ይሆናል። ጥቂት ዙር አብዝቶ መጠምጠምና እየለኩ መፍታት ይሻላል፤ የጎደለውን ከመቀጠል የበዛውን መቁረጥ ይቀልላልና። እኛ መጀመሪያ የጠመጠምነውን በብረት ብሎን ከሣጥኑ ጋር አሰርነው፤ መጠኑ ተለወጠ። ብሎኑ የብረት እምብርት ሆኖበት ነበር። ለሁለት ቀን የመለኪያውን መሣሪያ ስንወቅስ ከረምን። ጥቅል ሽቦ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰር፤ ሁለት ሲሆኑም አንዱ ተኝቶ ሌላው ቆሞ፣ ተራርቀው ይቀመጡ፤ አለዚያ በመግነጢስ ይወራረሳሉ።

ለተቃጠለው ትዊተር ምትክ የተገኘው አዲስ አበባ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ ነው። የዚያው ፋብሪካ ውጤት አይደለም፤ ከመጀመሪያው ይልቅ 4 ዴሲቤል ይጮኻል። በዚህ ጊዜ በተርታ 3 ኦም፣ በጎን 14 ኦም ገደማ የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች ከትዊተሩ ፊት ሲገቡ ጩኸቱን ይቀንሱታል፤ መረቡ ግን ያንኑ 8 ኦም ማየቱን ይቀጥላል። በተርታ አንድ ሬዚስተር ብቻ ማስገባት የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን የመረቡን ጭነት ይለውጥና የመረካከቢያውን ነጥብ ያዛውረዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ የዋልታ ነው። 12 ዴሲቤል በሚቆርጥ መረብ ውስጥ በመረካከቢያው ነጥብ ላይ የሁለቱ ድምፅ አውጪዎች ሞገድ በግማሽ ዙር ይለያያል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ስለዚህ ትዊተሩ ብዙውን ጊዜ ተገልብጦ ይያያዛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የ3,000 ሄርዝ ድምፅ ከስልክ ላይ በዝቅተኛ ከፍታ ይለቀቃል፤ የትዊተሩ ሽቦ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ይያያዛል። በአንደኛው አያያዝ ድምፁ ጎላ ብሎ ይሰማል፤ በሌላኛው ይሰወራል። ሲሰወር ያየ ተማሪ ስለ ሞገድ መሻር በመጽሐፍ ያነበበውን ዳግመኛ አይረሳም። ዚግፍሪድ ሊንክዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት ሁለቱ ድምፅ አውጪዎች በመረካከቢያው ላይ እንዴት አንድ ሆነው እንደሚደመሩ ካሳየ ወዲህ ብዙ ሠሪዎች የእርሱንና የባልደረባውን የራይሊን መንገድ ይከተላሉ። የእኛዎቹ ሣጥኖች ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ልማድ የያዙ ናቸው።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ለውፈሩ ያ ባለ 6 ኦምና 16.7 ማይክሮፋራድ ጥንድ ይጨመር ወይስ አይጨመር? በመንታዋ ውስጥ የለም። ከፊላችን «ስሌቱ ያዛል፣ ይጨመር» አለ። ከፊላችን ደግሞ «ያ መሐንዲስ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ውፈሩ በራሱ የሚያደርገውን መውረድ ቆጥሮበት ይሆናል፤ የጥገና ሥራ የያዝን እንጂ ስፒከር የምንፈጥር አይደለንም» ሲል ተከራከረ። አልተስማማንም። በመጨረሻ ጥንዱን በማብሪያና ማጥፊያ ሠርተን፣ ማን እንዳለ ሳንነግር ለሌሎች አሰማን። ያደመጡት ሰዎችም አልተስማሙም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች በብዛት ወደ ሁለተኛው ሐሳብ እናዘነብላለን፤ መንታዋ በእጅ እያለች ከእርሷ መራቅ ምክንያት ያሻዋልና።

በነገራችን ላይ፣ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ስፒከርም የሚገፋው አየር ስለሆነ በዚሁ ምክንያት 1.4 ዴሲቤል ያህል ይዳከማል። ይህ ለውፈሩም ለትዊተሩም ወደ አንድ መጠን ስለሚቀርብ መረቡን አይነካውም፤ ግን አውሮፓ ውስጥ በወረቀት የተጻፈ ቁጥር ሁሉ እንደተጻፈ እንደማይደርሰን ጥሩ ምሳሌ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ወደ ርእሳችን እንመለስ። ትዊተሩን ያቃጠለው መረቡን የቆረጠው ባለሙያ ነው ማለት ይቻላል። ባለ 8 ኦም ሁለት ድምፅ አውጪዎች በቀጥታ ጎን ለጎን ሲያያዙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ከአምፕሊፋየሩ 20 ዋት ሲወጣ ትዊተሩ ከከበሮና ከቤዝ ጊታር ጉልበት ጭምር እኩል 10 ዋት ይደርሰዋል። በጀርባው ላይ «50 ዋት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ይህ ጽሑፍ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ በትዊተር ላይ የሚጻፈው ዋት ብዙውን ጊዜ መለያ መረቡ በፊቱ ቆሞ፣ የሙዚቃው ጉልበት በአመዛኙ ወደ ውፈሩ ሲሄድ የሚችለውን የሚያመለክት እንጂ ለብቻው የሚሸከመውን አይደለም።

ሆኖም ባለሙያውን ብቻ መውቀስ አያረካንም። ምናልባት የደረቀ ካፓሲተር አግኝቶ ምትክ አጥቶ ይሆናል። መጠኑን የሚለካበት መሣሪያ አልነበረው ይሆናል፤ ተራ ቴስተር ጥቅል ሽቦን «ሽቦ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሽቦውን በቀጥታ ሲያያይዝ ድምፁ ወዲያው ደምቆ ተሰምቷል፤ ባለ ጉዳዩ ከፍሎ ሄዷል፤ ትዊተሩ የተቃጠለው ከወራት በኋላ በአንድ የበዓል ዋዜማ ይሆናል። ይህን ስሕተት ለባለሙያው የሚያሳየው ማን ነበር?

እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቃለን። በየዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ተማሪው የካፓሲተርና የሬዚስተር ማጣሪያ ይሠራል፤ ግራፉን በወረቀት ይስላል፤ የመቁረጫውን ድግግሞሽ ያገኛል፤ ሪፖርቱን አስረክቦ ይወጣል። ጭነቱ ምንጊዜም ያው የታወቀ ሬዚስተር ስለሆነ ግራፉ ምንጊዜም ያምራል። በሬዚስተሩ ቦታ አንድ አሮጌ ትዊተር ቢቀመጥ ግራፉ ይበላሻል፤ ተማሪውም ለምን ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ከዚህ የበለጠ ምን እንፈልጋለን? ተጨማሪ ወጪው ከቆራሌው ጋር የሚደረገው ድርድር ብቻ ነው። አንድ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር፣ የኮምፒውተር የድምፅ ካርድና በነፃ የሚገኘው ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለው ፕሮግራም የስፒከርን ኢምፒዳንስ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ለመሳል ይበቃሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ ሙከራው ለከተማው ጠጋኞች ክፍት ቢሆን፣ ተማሪው መለካቱን ያሳያቸዋል፤ እነርሱም ከሠላሳ ዓመት ልምድ እንዴት እንደሚበየድ፣ ምን የት እንደሚገኝ ያሳዩታል። በመበየድ በኩል ተማሪዎቻችን ከእነርሱ የሚማሩት እንደሚበዛ አንጠራጠርም።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በብሉቱዝ የሚሠራ አዲስ ስፒከር ገበያ ሞልቷል» የሚሉን አሉ። ሌሎችም፣ ይበልጥ አዋቂዎቹ፣ ድምፁን ከአምፕሊፋየር በፊት በዲጂታል መንገድ ለይቶ ለእያንዳንዱ ድምፅ አውጪ የራሱን አምፕሊፋየር መስጠት እንደሚሻል ያስረዱናል። ሁለተኞቹ እውነት አላቸው፤ ስፒከር ከባዶ ለሚሠራ ሰው ያ መንገድ የተሻለ ነው፤ ኃይል አያባክንም፤ የኢምፒዳንሱ መዝለልም አያስጨንቀውም። ነገር ግን በየቤቱ ያሉት አሮጌ ሣጥኖች ከኋላቸው ሁለት ቀዳዳ ብቻ አላቸው፤ ሊጠገኑ የሚችሉትም በተሠሩበት ሥርዓት ነው። የመጀመሪያዎቹን በተመለከተ፣ የሚሸጠው አነስተኛ ስፒከር በተከፈተ ጊዜ ሊጠገን የሚችል ነገር ምን ያህል እንዳለበት እንዲያዩ እንጋብዛቸዋለን።

አሮጌዎቹ ሣጥኖች የተሠሩት ለሌላ ዘመን ቅጂዎች ነው። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሪከርድስን መሥርቶ የሀገር ውስጥ ሙዚቃ በሸክላ ማሳተም ከጀመረ በኋላ፣ ካይፋ ሪከርድስም ተከትሎ፣ ከዚያም ካሴት ሸክላውን ተክቶ፣ በየቤቱ የተከማቸው ድምፅ ቀላል አይደለም። ከዘፈኑ ሌላ ቤተሰብ በካሴት የቀዳው ሠርግ፣ ከውጭ ሀገር በድምፅ የተላከ ደብዳቤ፣ የአያት ተረት አለ። ካሴቱ በየጊዜው እየተዳከመ ነው፤ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥም በትክክል መገልበጡን የሚያጣራው ጆሮ በምን ያድምጥ?

ሥራው ሦስት ወር ወሰደ። ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ካፓሲተር በመጠበቅ ያለቁ ናቸው። የቀኙ ሣጥን ውፈር ዙሪያውን በጨርቅ የተሠራ በመሆኑ ደህና ነው፤ በስፖንጅ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ከረጅም ጊዜ በፊት ፈርሶ ነበር። አዲሱ ትዊተር መልኩ ከመንታው ስለማይመሳሰል የፊት ጨርቁን ሳያወልቁ መተው ይሻላል።

ሣጥኖቹን ወደ ቤት በመለስን ዕለት እናትዮዋ ቡና አፈሉልን። ባልደረባችን ከመሳቢያ አንድ ካሴት አውጥቶ ከቴፑ ውስጥ ከተተ፤ አባቱ ለልጆቻቸው ተረት ሲያወሩ የተቀዳ ነው። ከዚህ ቀደም ብዙ ጊዜ ሰምተውታል፤ በእነዚሁ ሣጥኖች፣ በጋቢው ውስጥ። እናትዮዋ ስኒውን እንደያዙ ቆመው አደመጡ። በቃላቱ መካከል ትንሽ የሚሰነጣጠቅ ድምፅ ይሰማ ስለነበር እኛ ብየዳው ላልቶ እንዳይሆን ተሳቅቀን ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አልን።

«ተዉት» አሉን። «አፍንጫውን እየሳበ ነው። ያን ጊዜ ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ረስቼው።»